ተጫዋች ላይ የሚደረደር ትኬት፦ ኦዱ ሲያድግ ማን ያተርፋል?

«ሃላንድ 2 ኢላማውን የጠበቀ ሹት፣ ሳካ አሲስት፣ ሮድሪ ቢጫ ካርድ።» ሦስት ምርጫ፣ አንድ ትኬት፣ ትልቅ ኦድ። የቤቲንግ አፖች እንዲህ ያለውን ትኬት በጥቂት ሰከንድ ያስቆርጣሉ። ውስጡ ምን አለ? አንድ በአንድ እንየው።

🔹 ምን ማለት ነው?

የተጫዋች ውርርድ (በውጭ ስሙ ፕሌየር ፕሮፕ) ማን ያሸንፋል የሚለውን ትቶ አንድ ተጫዋች በሚያስመዘግበው ቁጥር ላይ የሚደረግ ነው። በእግር ኳስ ጎል፣ ሹት፣ አሲስት ወይም ካርድ፤ በቅርጫት ኳስ ነጥብ፣ ሪባውንድ ወይም አሲስት ሊሆን ይችላል። አወራራጁ ድርጅት መስመር ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ 1.5 ሹት። እናንተ «በላይ» ወይም «በታች» ትላላችሁ። ግማሿ የገባችው እኩል የሚባል ውጤት እንዳይኖር ነው።

አሜሪካኖች ፓርሌይ የሚሉት ደግሞ ብዙ ምርጫ በአንድ ትኬት መደርደር ነው። ኦዶቹ እርስ በእርስ ይባዛሉ። አንዱ ብቻ ከወደቀ ግን ሁሉም ይወድቃል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ግዛቶች የስፖርት ውርርድን እንዲፈቅዱ መንገዱን ከከፈተ ወዲህ ሁለቱን አጣምሮ መቁረጥ እዚያ በጣም ተስፋፍቷል።

🔹 የሚባዛው ኦዱ ብቻ አይደለም

እንበል አንድ ምርጫ የመሳካት እድሉ 50 በመቶ ነው። ትክክለኛው ኦድ 2.00 መሆን ነበረበት። ድርጅቱ ግን 1.91 ይሰጣችኋል። ልዩነቱ የእሱ ድርሻ ነው። ትንሽ ትመስላለች፤ ስትደረድሩ ግን እሷም አብራ ትባዛለች። በዚህ ኦድ ከምታስይዙት ከእያንዳንዱ 100 ብር በአማካይ ድርጅቱ ጋር የሚቀረው ይህን ያህል ነው፦

▪️ 1 ምርጫ፦ 4.50 ብር
▪️ 2 ምርጫ፦ 8.80 ብር
▪️ 4 ምርጫ፦ 16.80 ብር
▪️ 6 ምርጫ፦ 24.10 ብር
▪️ 8 ምርጫ፦ 30.80 ብር

በሌላ አነጋገር፣ 8 ምርጫ ሁሉም የመሳካት እድላቸው ከ256 አንድ ነው። ትኬቱ የሚከፍለው ግን 177 እጥፍ ብቻ ነው። 100 ብር ያስያዘ ሰው ቢሳካለት 17,700 ብር ያገኛል፤ ትክክለኛው ዋጋ ግን 25,600 ብር ነበር። ያሸነፈውም ሰው ሳይቀር ተቆርጦበታል ማለት ነው።

የተጫዋች ውርርድ ላይ የድርጅቱ ድርሻ ብዙ ጊዜ ከተራው የ«ማን ያሸንፋል» ውርርድ ከፍ ይላል። ስለዚህ በተግባር ቁጥሩ ከዚህም ሊብስ ይችላል።

🔹 ሁሉንም ከአንድ ጨዋታ መምረጥ

«ሃላንድ ጎል ያገባል» እና «ሃላንድ 2 ኢላማውን የጠበቀ ሹት ያደርጋል» የሚሉት ምርጫዎች ተያያዥ ናቸው። አንዱ ከሆነ የሌላው እድል ይጨምራል። ስለዚህ ድርጅቱ ኦዶቹን ዝም ብሎ አያባዛም፤ በራሱ የኮምፒውተር ስሌት ዝቅ አድርጎ አንድ ኦድ ይሰጣል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በነጠላ ውርርድ የድርጅቱን ድርሻ ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ፦ 1ን ለ«በላይ» ኦድ፣ ከዚያም 1ን ለ«በታች» ኦድ አካፍሉና ደምሩ። ከ1 በላይ የሆነው የእሱ ነው። ሁለቱም 1.91 ከሆኑ ድምሩ 1.047 ይመጣል። በተደረደረው ትኬት ላይ ግን የተቃራኒው ወገን ኦድ አይታይም። ስንት እንደተወሰደባችሁ ማወቂያ የለም።

🔹 «ሹቱን አድርጓል እኮ!»

ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከደንቡ ነው። የሚከተሉት የተለመዱ ናቸው፤ ከድርጅት ድርጅት ስለሚለያዩ ግን ቀድማችሁ አንብቡ፦

▪️ ቋሚ ወይም አግዳሚ ነክቶ የተመለሰ ኳስ ኢላማውን የጠበቀ ሹት ተብሎ አይቆጠርም።
▪️ ተጫዋቹ ጭራሽ ሜዳ ካልገባ ብዙ ጊዜ ያ ምርጫ ይሰረዝና ኦዱ እንደገና ይሰላል። ገብቶ በ4ኛው ደቂቃ ቢወጣ ግን ውርርዱ ይጸናል።
▪️ በእግር ኳስ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው 90 ደቂቃውና ባከነ ተብሎ የተጨመረው ሰዓት ብቻ ነው። 30 ደቂቃው የጭማሪ ጊዜ አይገባም። በቅርጫት ኳስ ግን ጭማሪው ይቆጠራል።

🔹 ቁጥሩ በአንድ ሰው እጅ ሲሆን

የቡድን ውጤት ለማበላሸት ብዙ ሰው ያስፈልጋል። የአንድ ተጫዋችን ቁጥር ለማበላሸት ግን ራሱ ተጫዋቹ ይበቃል። የቶሮንቶ ራፕተርሱ ጆንቴ ፖርተር ታሪክ ይህንን ያሳያል። እ.ኤ.አ. ማርች 20፣ 2024 ከሳክራሜንቶ ጋር በነበረው ጨዋታ 3 ደቂቃ ገደማ ብቻ ተጫውቶ «አሞኛል» ብሎ ወጣ። ፖርተር የሚያውቀው አንድ ተወራራጅ ቁጥሮቹ ከመስመሩ በታች እንደሚሆኑ 80 ሺህ ዶላር በፓርሌይ አስይዞ ነበር። ትኬቱ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ሊያስገኝ ይችል ነበር፤ ነገሩ አጠራጣሪ ስለነበር ክፍያው ታገደ። ኤን ቢ ኤ በሚቀጥለው ወር ፖርተርን ከሊጉ እስከመጨረሻው አገደው። በጁላይ ደግሞ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛነቱን አመነ። የገባበት ምክንያት ከባድ የቁማር እዳ እንደነበረም ተናግሯል።

ከዚያ በኋላ ሊጎች ጠበቅ አድርገዋል። የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በአንዲት ውርወራ ላይ የሚደረግ ውርርድ ከ200 ዶላር እንዳይበልጥና ፓርሌይ ውስጥ እንዳይገባ ከአጋር አወራራጆቹ ጋር ተስማምቷል። መደርደር ክፍያውን ስለሚያገዝፈው ተጫዋች ለማባበል እንደሚመች ተረድተዋል።

🔹 ከመቁረጣችሁ በፊት

▪️ በቴሌግራም «ፊክስድ አለን» የሚሏችሁን አትመኑ። እውነተኛ መረጃ የነበራቸው የፖርተር ሰዎች እንኳን መጨረሻቸው ፍርድ ቤት ሆኗል። እርግጠኛ የሆነ ሰው መረጃውን በጥቂት መቶ ብር አይሸጥላችሁም።
▪️ «በአንድ ተበላሁ» የሚለው ስሜት አያታልላችሁ። ከ8 ምርጫ 7 ማግኘትና ምንም አለማግኘት ክፍያቸው እኩል ነው፤ ዜሮ። ምርጫ በበዛ ቁጥር ከሚያሸንፉት ትኬቶች አንጻር «ለትንሽ ሳተኝ» የሚያስብሉት ይበዛሉ። ቀጣዩን ትኬት የሚያስቆርጠውም ይኸው ስሜት ነው።
▪️ የተበላ ብር ለማስመለስ ብላችሁ አትጨምሩ፤ ተበድራችሁም አታስይዙ። የቤት ኪራይ ወይም የትምህርት ቤት ብር ወደ ትኬት መሄድ ከጀመረ፣ ወይም ስንት እንዳስያዛችሁ ከቤተሰብ መደበቅ ከጀመራችሁ፣ አፑን አጥፍታችሁ ለምታምኑት ሰው ንገሩ።

ትልቅ ኦድ ስታዩ «ስንት አገኛለሁ?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ጊዜ ተቆርጦብኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የደረደራችሁት ምርጫ ብዛት ነው።

ትኬት ለሚደረድር ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።