ነውር ማሻገር፦ አዲስ የምርምር ሥነ ምግባር ቃል

በእንግሊዝኛ «ኤቲክስ ዳምፒንግ» ይባላል። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ያስተዋወቀው ቃል ሲሆን፣ ተመራማሪ በአገሩ የማይፈቀድለትን ጥናት ቁጥጥር ወደሚላላበት አገር ወስዶ ማካሄዱን ይገልጻል። በአማርኛ «ነውር ማሻገር» ብንለው ያስኬዳል፤ «ማሻገር» በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ ላለችው ለሞያሌ ሰው ባዳ ቃል አይደለም።

የምርምር ጥፋት ሲባል ቶሎ የሚታወሰው መረጃ ፈጥሮ መጻፍ፣ የተገኘውን ማዛባትና የሌላውን ሥራ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ነውር ማሻገር ከሦስቱም ይለያል። ቁጥሩ እውነተኛ፣ ጽሑፉም የራስ ሊሆን ይችላል፤ በደሉ ያለው መረጃው በተወሰደበት ሰው ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ምሳሌ የናይጄሪያዋ ካኖ ናት። በ1996 የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ሲገባ ፋይዘር «ትሮቫን» የተባለ መድኃኒቱን 200 ያህል ሕፃናት በተካተቱበት ሙከራ ከነባር መድኃኒት ጋር አወዳደረ። ከሁለቱም ወገን በድምሩ 11 ሕፃናት ሞቱ። ወላጆች ሙከራ መሆኑን ማንም አልነገረንም አሉ፤ ኩባንያው በቃል አስፈቅጃለሁ፣ የሞቱት በበሽታው ነው ሲል ተከራከረ። በ2009 ለካኖ ግዛት 75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

የጤፍ ጉዳይ የዚህ ዘመድ እንጂ ራሱ አይደለም። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘጋጃጀት ላይ ያስመዘገበውን የፈጠራ መብት የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ አድርጓል፤ በጤፍ ጉዳይ የሚነሳው ጥያቄ የሀብት ባለቤትነት ነው።

በኬንያው ሞያሌ ወደምትገኘው ቡቲዬ ስንመጣ፣ እዚያ ጥናት ለማካሄድ «ናኮስቲ» ከተባለው የሳይንስ ኮሚሽን ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። ከድንበሩ ማዶ ገምጋሚው ሌላ፣ ደንቡም ሌላ ነው፤ ቦረናው ግን ወዲህም ወዲያም ያው ቦረና ነው። ድርቅ ከብቱን የጨረሰበት አርብቶ አደር በእንግሊዝኛ በተጻፈ ቅጽ ላይ አውራ ጣቱን ቢያሳርፍ፣ ተመራማሪው ፊርማ እንጂ ስምምነት አላገኘም። ስምምነት የሚባለው ጥናቱ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠቀምበት፣ እምቢ ቢል ደግሞ እርዳታ እንደማይቀርበት በቋንቋው ተነግሮት እሺ ሲል ነው።

በ2018 የወጣ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ደንብ ፍትሐዊነትን፣ አክብሮትን፣ ጥንቃቄንና ሐቀኝነትን መሠረት አድርጓል። በመስክ ግን አንድ ጥያቄ ብዙውን ያጠራል፦ «ይህን በአገርህ ታደርገዋለህ?» ጥያቄውን ቀድሞ የማንሳት ዕድል ያለው በአስተርጓሚነትና በመጠይቅ ሰብሳቢነት የሚቀጠረው የአካባቢው ወጣት ነው፤ ቅጹን ከማንም በፊት የሚያነበው እሱ ነውና።