ያለ ዕድሜ የሚሸበሸብ ቆዳ፤ ኦንኮሰርኪያሲስ በቡናው አገር

በዓይን ዙሪያ የሚታየውን መሸብሸብ ለማለዘብ የሚውለው የቦቱሊነም መርዝ ወደ ሕክምና የገባው በዓይን ሐኪሞች እጅ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 መጀመሪያ የፈቀደው ለሸውራራ ዓይንና ያለ ፈቃድ ለሚጨፈን የዓይን ቆብ ነበር፤ በዓይን ጠርዝ ለሚወጣው ሽብሽብ የፈቀደው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ይህ የዕድሜና የፀሐይ ጉዳይ ነው። በምዕራቡ የአገራችን የቡና ምድር ግን ዕድሜ ያላመጣው ሌላ መሸብሸብ አለ፤ እርሱን የሚያመጣው ትል ነው።

ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር። ከኮረብታው ሥር ያለው የሂርማታ ገበያ ከየአቅጣጫው ነጋዴ ይስብ ነበር። ቡናው የሚወደው ጥላና ዝናብ ያለበት ምድር ፈጣን ወንዞችም ያሉበት ነው፤ ጥቁር ዝንብ የምትራባው ደግሞ በእነዚሁ ወንዞች ነው። በሽታው በአገራችን መኖሩን ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች በደቡብ ምዕራብ የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1939 ነበር።

በዝንቧ ንክሻ የገባው ትል ከቆዳ ሥር ጎልምሶ እጅግ ብዙ ማይክሮፊላሪያ ይለቃል። እነዚህ ሲሞቱ የሚነሣው ብግነት ማሳከክን ያመጣል፤ ዓመታት ሲቆጠሩም ቆዳን የሚያለጥጡትን ጭረቶች ይበላል። ቆዳው ይሳሳል፣ ይሸበሸባል፤ በተለይ በመቀመጫና በእግር ላይ ይጎላል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቆዳ ጉዳት አመዳደብ ይህን መሳሳት ከ50 ዓመት በታች ባሉ ሰዎች ላይ ብቻ እንዲቆጠር ያደረገው ከተፈጥሮ እርጅና ጋር እንዳይምታታ ነው። ብልህ ገደብ ነው።

በምዕራብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 የተጀመረው ታላቁ ዘመቻ ዓይነ ስውርነትን ዒላማ ያደረገ ነበር። በእኛ አገር በሽታው በአመዛኙ የቆዳ ስለሆነ፣ ማሳከክ እንደ ቀላል ነገር መታየቱ አልቀረም። በእኔ ግምት ይህን አመለካከት የሞገተው ከክሊኒክ ይልቅ የደመወዝ መዝገብ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት፣ በቴፒ የቡና እርሻ የቆዳ ኦንኮሰርኪያሲስ የያዛቸው ቋሚ ወንድ ሠራተኞች ከጤነኞቹ ጋር ሲነጻጸሩ ከ10 እስከ 15 በመቶ የቀን ገቢያቸውን ያጡ ነበር። ሌሊቱን ሲያክ ያደረ ሰው ጠዋት ቡና ለቀማ ላይ ምን ጉልበት ይኖረዋል?

አይቨርሜክቲን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በአምራቹ በነፃ ሲሰጥ፣ በከፋና በሸካ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያድለው ሥርዓት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ጅማም ተከተለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የአገሪቱ ዓላማ ከመቆጣጠር ወደ ማጥፋት ተሸጋገረ። መድኃኒቱ ማይክሮፊላሪያን እንጂ ጎልማሳውን ትል ስለማይገድል፣ ትሉ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችልም፣ እደላው ለዓመታት ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት። ማሳከኩን ያስታግሳል፤ አንዴ የሳሳውንና የተሸበሸበውን ቆዳ ግን አይመልስም። ስለዚህ በወንዝ ዳር ቀበሌ ለሚሠራ ባለሙያ፣ የ30 ዓመት ወጣት የሽማግሌ ቆዳ ይዞ ሲመጣ ዕድሜውን ጠይቆ በካርዱ ላይ መጻፍና የት የት ቡና ሲለቅም እንደኖረ መጠየቅ የምርመራው አንድ ክፍል ነው።