መውጊያውን የረገጠው ማን ነበር?

እንግሊዞች መከራ የጸናበትን ሰው ሲያበረታቱ «መልካሙን ገድል ተጋደል» ይላሉ። አባባሉ ዛሬ በስፖርት ሜዳም በሆስፒታል አልጋ አጠገብም ይሰማል፤ ከጳውሎስ መልእክት መምጣቱን ልብ የማይሉት ግን ብዙ ናቸው። በዚህ መልኩ ወደ እንግሊዝኛ ያስገባው ዊልያም ቲንደል ነው። ጳውሎስ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል የአትሌቶችን ውድድር ያስታውሳል፤ ቲንደል የመረጠው ግን የውጊያን ቃል ነው። (የእኛ «ገድል» ደግሞ ሌላ ጣዕም አለው፤ የቅዱሳን ታሪክ የሚጠራበት ቃል ነውና።)

ይኸው ትርጉም «መውጊያውን መርገጥ» የሚል ሌላ አባባልም ይዟል። ቲንደል የመጀመሪያው አይደለም፤ ቀደም ብሎ በዊክሊፍ ስም በሚታወቀው ትርጉምም ነበረ። ምሳሌው ከእርሻ የተወሰደ ነው፤ በሬው ሹሉ ዘንግ ሲነካው ወደ ኋላ ቢራገጥ የሚቆስለው ራሱ ነው። ጌታ ይህን የተናገረው በትጋት ያሳድድ ለነበረው ለሳውል ነው። እንግዲህ አንዱ መጽሐፍ ጽናትን የሚያበረታታም የሚያስጠነቅቅም አባባል ሰጥቷል፤ በቲንደል ታሪክም ሁለቱ ጎን ለጎን ይታያሉ።

ቲንደል አዲስ ኪዳንን ከግሪኩ ሊተረጉም ሲነሣ፣ ያለ ጳጳስ ፈቃድ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ከተከለከለ መቶ ዓመት አልፎ ነበር። ስለዚህ በ1523 እ.ኤ.አ. የለንደኑን ጳጳስ ከትበርት ተንስታልን ድጋፍና መጠለያ ለመነ። ጳጳሱ ቤታቸው መሙላቱን ነግረው ሸኙት። በዓመቱ ቲንደል ባሕር ተሻግሮ ጀርመን ገባ፤ ወደ አገሩም አልተመለሰም። በ1525 ኮሎኝ ላይ ኅትመቱ ተጀምሮ ሳለ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ወይን ጠጥተው ምስጢሩን አወጡት። እርሱም የታተሙትን ወረቀቶች ይዞ በራይን ወንዝ ሽቅብ ወደ ዎርምስ ሸሸ፤ በ1526 አዲስ ኪዳኑ እዚያ ታትሞ አለቀ። መጻሕፍቱ በጨርቅ ጥቅል ውስጥ ተደብቀው እንግሊዝ ገቡ።

ተንስታል ያገኙትን አቃጠሉ። አልበቃቸውም። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ኤድዋርድ ሆል እንደሚተርከው፣ በአንትወርፕ ያሉትን ቅጂዎች ፓኪንግተን በተባለ ነጋዴ በኩል ለመግዛት ተስማሙ። ፓኪንግተን ግን የቲንደል ወዳጅ ነበር! ጳጳሱ የሚቃጠል መጽሐፍ አገኙ፤ ቲንደል ደግሞ ዕዳውን የሚከፍልበትና የታረመ ቅጂ የሚያሳትምበት ገንዘብ አገኘ።

ተንስታልን ክፉ ሰው አድርጎ መሣል ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። የኤራስመስ ወዳጅ የሆኑ ሊቅ ነበሩ፤ መንጋቸውን ከኑፋቄ የሚጠብቁ መስሏቸው ነበር። ታዲያ እርሳቸውም «ተጋድለዋል» ማለት ነው። ልዩነቱ የት ላይ ነው? በ1531 የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ መልእክተኛ ስቲቨን ቮን ቲንደልን አግኝቶ ወደ አገሩ እንዲመለስ አግባባው። ቲንደል የመለሰው የሚያስገርም ነው፦ ንጉሡ መጽሐፍ ቅዱስ በሕዝቡ ቋንቋ እንዲወጣ ከፈቀዱ፣ ተርጓሚው ማንም ይሁን ማን፣ እርሱ ዳግመኛ ላይጽፍ፣ በንጉሡም እግር ሥር ሊወድቅ ዝግጁ ነበር። የተጋደለው የራሱ ትርጉም እንዲያሸንፍ አልነበረም።

ፈቃዱ አልመጣም። በ1535 አንትወርፕ ላይ ወዳጅ መስሎ የቀረበው ሰው አሳልፎ ሰጠው። ከፊልፎርደ እስር ቤት የጻፈው አንድ ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ፤ የሚሞቅ ቆብ፣ የማታ መብራት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ይለምናል። ብሉይ ኪዳንን ገና አልጨረሰም ነበር። በጥቅምት 1536 አንቀው ገደሉት፤ አስከሬኑንም አቃጠሉት።

ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲቀመጥ ያዘዙት «ታላቁ መጽሐፍ ቅዱስ» ወጣ። አዲስ ኪዳኑ በአብዛኛው የቲንደል ሥራ ነበር፤ ስሙ ግን አልተጠቀሰም። በ1541ዱ ኅትመት የርእስ ገጽ ላይ መጽሐፉን በንጉሡ ትእዛዝ መርምረው ያሳለፉት የሁለት ጳጳሳት ስም ሰፍሯል። አንዱ ከትበርት ተንስታል ናቸው።