የሞቼ መቃብሮችና የማኅበራዊ ልዩነት ምስክርነታቸው

ሞት ድኻውንና ባለጸጋውን እኩል ያደርጋል የሚለው አስተሳሰብ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የታወቀ ነው። በደቡብ አሜሪካ በሰሜናዊው የፔሩ የባሕር ጠረፍ፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ1ኛው እስከ 8ኛው መቶ ዓመት ገደማ የኖረው የሞቼ ኅብረተሰብ መቃብሮች ግን የዚህን ተቃራኒ ይመሰክራሉ። ሞቼዎች ከአንዲስ ተራሮች የሚወርዱትን ወንዞች በቦይ ጠልፈው በረሃውን ያለሙ፣ በሸክላና በብረታ ብረት ጥበብም የታወቁ ነበሩ። ጽሕፈት ስላልነበራቸው ስለ ማኅበራዊ ኑሯቸው ከሚናገሩት ዋነኞቹ ምስክሮች ሙታናቸው ናቸው።

ተራው ሰው ሲሞት በጥጥ ጨርቅ ተገንዞ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ በጠባብ ጉድጓድ ይቀበር ነበር። አብሮት የሚወርደው ጥቂት የሸክላ ዕቃ ወይም ቅል፣ አንዳንድ ጊዜም በአፉ ውስጥ የሚደረግ ቁራጭ መዳብ ነው።

የገዥዎቹ ሥርዓተ ቀብር ከዚህ ምን ያህል የራቀ እንደ ነበረ በጉልህ የታየው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ሲፓን በተባለው መንደር አጠገብ ነው። በዚያ ዓመት ዘራፊዎች አንድ መቃብር ሰብረው ወርቁን መሸጥ ጀመሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ በፖሊስ ጥይት ሕይወቱን አጣ። ከዚህ በኋላ ዋልተር አልቫ የተባሉት የአርኪዎሎጂ ሊቅ በመሩት ቁፋሮ፣ ዘራፊ ያልደረሰበት ሌላ መቃብር ተገኘ። «የሲፓን ጌታ» የተባለው ይህ ሰው በእንጨት ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ በአንገቱም ላይ በኦቾሎኒ ቅርፅ የተሠራ፣ በቀኝ ወርቅ፣ በግራ ብር የሆነ ድሪ ተደርጎለታል።

ጌታው ብቻውን አልተቀበረም። ከላይ፣ ጋሻ የያዘና ከቁርጭምጭሚቱ በታች እግሮቹ የሌሉ ዘበኛ ተቀምጦለታል። በዙሪያው ወንዶች፣ ሴቶችና አንድ ሕፃን ነበሩ። የሴቶቹ አጥንት ከመገጣጠሚያው ተለያይቶ መገኘቱ ከጌታው አስቀድመው የሞቱ መሆናቸውን ያመለክታል። እንግዲህ እነዚህ ሴቶች ከሞቱም በኋላ የራሳቸው ዕረፍት አልነበራቸውም፤ ዐፅማቸው ቆይቶ ለሌላ ሰው ቀብር ማጀቢያ ሆኗል።

ልዩነቱ የወንድና የሴት ብቻ አልነበረም። በ2006 ለዓለም ይፋ የሆነችው «የካኦ እመቤት» ከወርቅ ጌጥና ከጦር ዱላ ጋር ስትቀበር፣ በአጠገቧ የተገኘችው ልጃገረድ አንገት ላይ የነበረው ገመድ ነው። ሁለቱም ሴቶች ናቸው፤ የለያቸው ደረጃቸው ነው።

በትሩሂዮ ከተማ አጠገብ የሚገኘው «የፀሐይ ግንብ» ከብዙ ሚሊዮን የጭቃ ጡቦች የተሠራ ነው። በጡቦቹ ላይ ከ100 የሚበልጡ ዓይነት ምልክቶች ይታያሉ፤ ሊቃውንት የየሠራተኛው ቡድን መለያ እንደ ሆኑ ይገምታሉ። ገዥው በወርቁ ሲታወስ፣ ግንቡን ያቆመው ሕዝብ ግን በመቃብሩ ያላገኘውን መታሰቢያ በጭቃው ላይ በጣቱ አትሞ ትቷል።