«ፈላ» በጀበና፣ በጋንና በቴርሞሜትር፦ ከቦንጋ የተነሣ ምልከታ

በፊዚክስ ትምህርት «ፈላ» አንድ ፍቺ ብቻ አለው፤ የፈሳሹ የእንፋሎት ግፊት ከአካባቢው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ፈሳሹ ከውስጡ ጭምር ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ሂደቱም ፍሌት ይባላል። በካፋዋ ቦንጋ «ቡና ላፍላ» የምትል እናት ግን ያሰበችው ውሃውን ብቻ አይደለም፤ ማጠቡን፣ መቁላቱን፣ መውቀጡን፣ እስከ በረካ ያለውን ሁሉ ነው። ከካፋ ማር የተጣለ ጠጅም በጋኑ ውስጥ እሳት ሳይነካው ይፈላል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለውጠው ነው። ኬሚስቱ ይህን «መብላላት» ብሎ ለይቶታል። ጉንዳን ይፈላል፤ የተቆጣ ሰውም ደሙ ይፈላል።

እነዚህን ፍቺዎች የሚያስተሳስራቸው ሙቀት ነው ቢባል አልስማማም። ጉንዳን አይሞቅም፤ ጠጁም እጅ አያቃጥልም። የጋራ ባሕርያቸው ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚገፋ ትርምስ ነው። ሙቀት ባለበትም ቢሆን የዕለት ተዕለቱ ግሥ ከፊዚክሱ ይሰፋል፦ በካፋ የሚገኘው የዳዲቤን ምንጭ «ፍል ውሃ» ይባላል፤ በፊዚክሱ ፍቺ የሚፈላ ቢሆን ኖሮ ማን ገላውን ይታጠብበት ነበር?

«ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሚሠራው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍታዋ 1,700 ሜትር ገደማ በሆነው ቦንጋ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 አካባቢ። ቁጥሩን በቃሉ የያዘ ተማሪ ቴርሞሜትሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ቡና አፍዪዋ ግን ቁጥር አያስፈልጋትም። መጀመሪያ የሚታዩት ጥቃቅን አረፋዎች በውሃው ውስጥ የሟሟ አየር ናቸውና አያታልሏትም፤ ቡናው እስከ ጀበናው አንገት ሲወጣ ጥቂቱን በስኒ ቀድታ ትመልሰዋለች፤ ከገነፈለ ግን ዘግይታለች። ይህ ምልክት ከፍታ ቢለወጥም ያገለግላታል።

ቤቱ በካፊኖኖ፣ ገበያ ላይ በአማርኛ፣ ከፍ ባሉት ክፍሎች በእንግሊዝኛ ለሚኖር ተማሪ ትምህርቱ ከጀበናው ቢጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ያን ጊዜ በ«ፈላ» እና በ«በሰለ» መካከል ያለው ልዩነትም ይገባዋል። ደገኛው ድስት በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ባቄላው ግን ለመብሰል ይዘገያል። ቦንጋ ላይ እንጨት መጨመር ውሃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ከ94 ዲግሪ አያሳልፈውም፤ ደኑ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በተመዘገበበት ካፋ ደግሞ ያ እንጨት ዋጋ አለው።