የመተማ ሰው ጥሪቱን የት አኖረ?

በሱዳን ጠረፍ ባለው በመተማና በቋራ ቆላ ገንዘብ እንደ ደመወዝ በየወሩ አይመጣም። ሰሊጡ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይታጨዳል፣ በነዶ ተደግፎ (ሂላ ሆኖ) ቆሞ ይደርቃል፣ ተራግፎ ጆንያ ውስጥ ይገባል፤ የዓመቱ ገንዘብም በኅዳርና በታኅሣሥ ባንድ ጊዜ እጅ ይገባል። የሳሉጉ (የጉልበት ሠራተኛው) ሒሳብና የትራክተሩ ኪራይ ተከፍሎ የሚተርፈው ለልጅ፣ ለእርጅናና ለክፉ ቀን የሚሆን ጥሪት ነው። ይህን ጥሪት ለዓመታት የት ቢያኖሩት ይሻላል የሚለው ጥያቄ በዚህ ጠረፍ ትውልድ ሲቀባበለው ኖሯል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማ ከጎንደርና ከሱዳን የሚመጣ ነጋዴ የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነበረች። ቡና፣ ማር፣ ሰም፣ ጥጥና ከብት ይሸጥባታል፤ የሰው ልጅም በባርነት ይሸጥባት ነበር። የተክሩር ማኅበረሰብ ሼኮቿ ለሁለቱም ወገን እየገበሩ ገበያውን ያቆዩት ነበር። በደጋው ለመገበያያ ያገለግል የነበረው አሞሌ ጨው ለጥሪት አይሆንም፤ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። ለረዥም ጊዜ የሚቀመጠው ጠገራ ብር ነበር። በየትኛውም ዓመት ይመታ፣ በላዩ የሚነበበው 1780 ነው፤ ክብደቱ 28 ግራም፣ ከሺው 833 እጁ ንጹሕ ብር። ነጋዴው በላዩ የተቀረጸችውን ንግሥት ጌጥ ፈርጥ በፈርጥ ይመረምራል፣ ፊቷ የተፋቀውን ይመልሳል። ገንዘቡን ንጉሥ አይቀንሰውም፤ ምስጥም አይበላውም። በገንቦ አድርጎ መቅበር ብቻ ነው።

የዚያ ዘመን አደጋ ግን የዋጋ መውደቅ አልነበረም፤ ዘመቻ ነበር። በጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚሁ መተማ ላይ ወደቁ፤ ከተማዋ ዛሬም መተማ ዮሐንስ ትባላለች። እንዲህ ባለ ጊዜ የተቀበረ ብር ራሱ ባይጠፋም፣ ቦታውን የሚያውቀው ሰው ሲሞት ወይም ሲማረክ ከቤተሰቡ እጅ ይወጣል። ምሥጢርነቱ ከዘራፊ ያድነዋል፤ ለወራሽ ግን ያው ምሥጢርነቱ ነው ጠላቱ።

ባንክ ወደ አገራችን የገባው በ1898 ዓ.ም. ቢሆንም የአቢሲኒያ ባንክ ለቆላው ገበሬ የሩቅ ነገር ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ሲወጣም ሕዝቡ ወረቀት እንደማያምን መንግሥት ያውቅ ስለነበር ሃምሳ ሳንቲሙን ከብር አስመታው።

ትልቁ ትምህርት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ በሰቲት ሁመራና በአካባቢው ቆላ የትራክተር እርሻ ሲስፋፋ፣ ሰሊጥና ጥጥ ያመጡት ገንዘብ ወደ ትራክተር ሄደ። ከተማ ገብቶ የሚከራይ ቤት መሥራትም የብልህ ሰው ምርጫ ነበር፤ ቤት አይሰረቅም፣ ኪራዩ በየወሩ ይመጣል፣ ዋጋውም ይጨምራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ለአንድ ቤተሰብ የተተወለት የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ነው። በአምስት ወር ውስጥ፣ አስተማማኝ ይባሉ የነበሩት ሁለቱ የሀብት ማኖሪያዎች፣ እርሻውና የኪራይ ቤቱ፣ በአዋጅ ፈረሱ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል፦ ያኔ መቶ ጠገራ ብር ቀብሮ የነበረ ሰው ከ2 ኪሎ በላይ ንጹሕ ብር በእጁ ቀረ፤ በዚያው ገንዘብ የኪራይ ቤት የሠራው ግን ባዶ እጁን ቀረ። ከሰማንያ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በዘመቻው ጊዜ ቢሆንና ቀባሪው ምሥጢሩን ይዞ ቢሞት፣ የሁለቱ ዕጣ ሊገለበጥ ይችል ነበር።

ቀጥሎ የተጎዳው ወረቀት ያዡ ነው። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ተሻገረ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ኖት ሲቀየር ብሩን ቤት ያከማቸ ሁሉ በሦስት ወር ውስጥ ባንክ ደጃፍ መቆም ነበረበት። በድንበሩ ማዶ ያለው መሸሻም አልረዳም፤ የሱዳን መንግሥት በየካቲት 2013 ዓ.ም. የአንድ ዶላርን ዋጋ ከ55 ወደ 375 ፓውንድ በማድረስ የገንዘቡን ዋጋ አወረደው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የሱዳን ጦር ድንበሩ ላይ ያለውን አልፋሽቃን ሲይዝ፣ እዚያ ያርሱ የነበሩ ገበሬዎቻችን ከእርሻቸው ተፈናቅለዋል።

ዛሬ ባንክ ከሌባ፣ ከእሳትና ከእገታ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድም በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ዋስትና ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሰው በሁለትና በሦስት ባንክ ቢከፍለው ይጠቅመዋል። የዋጋ ንረትን ግን መድን አይሸፍነውም። የቁጠባ ወለዱ 7 በመቶ፣ የዋጋ ንረቱ ደግሞ 30 በመቶ በነበረበት ጊዜ 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107,000 አገኘ፤ አምና በ100,000 ይገዛው የነበረውን ለመግዛት ግን 130,000 ያስፈልገው ነበር። ይህ ዝርፊያ በር ሳይሰበር የሚካሄድ በመሆኑ ብዙዎቻችን አናየውም።

ስለዚህ «ከሁሉ የሚያስተማምነው የቱ ነው?» ከማለት «ይሄኛው የሚፈርሰው በምን ምክንያት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። በአንድ ክፉ ቀን አብረው የሚወድቁ ሁለት ነገሮች ሁለት ማኖሪያ አይባሉም። የመተማ እርሻ፣ የመተማ ከብትና የመተማ መጋዘን ያለው ሰው ሦስት ንብረት ቢቆጥርም አደጋው አንድ ነው፤ አንድ ግጭት በሦስቱም ላይ ይደርሳል። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ያለ ቤት በቦታ ይለያል፤ መሬቱ ግን በሕገ መንግሥቱ የማይሸጥ ስለሆነ የሚገዛው ቤቱና የመጠቀም መብቱ ነው፣ ካርታው ሳይጣራ ብር መቁጠር አይገባም። የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ አለ። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያም አለ። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በቀጥታ ለሕዝብ በ300 ብር ሲሸጥ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፣ 9,900 ብር። አክሲዮን ዝቅተኛ ስጋት አለው አልልም፤ ለአሥር ዓመት ከማይነካው ገንዘብ ላይ ትንሿን ድርሻ ብቻ ነው የምሰጠው።

የማይነካው የትኛው እንደሆነ መለየት ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ሲቋረጥ አይተናል። ባንክ ያለ ገንዘብ ባይጠፋም በሚፈለግበት ሳምንት ላይደረስበት ይችላል፤ አረም ደግሞ ሰሊጡን አይጠብቅም። የሐምሌ አራሚ የሚከፈልበት ብር ምንም ወለድ ባያመጣ እንኳ ከጥሪቱ ተለይቶ፣ ከቤቱ በእግር በሚደረስበት ቅርንጫፍ፣ በባልና በሚስት ስም ይቀመጥ።