ፍሪምባ፣ እሳትና ፉርኖ

የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሲነደፍ የበሬው ነገር ታስቦበት ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ከመኖሪያ ብሎኮቹ ጎን የጋራ መገልገያ ህንፃ እንዲሠራ አድርጓል፤ ነዋሪው «ኮሚናል» የሚለው ነው። ከብት የሚታረድበት፣ ትልቅ ድስት የሚጣድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ድግስና ለቅሶ የሚስተናገድበት እንዲሆን ነበር ሐሳቡ። አራተኛ ፎቅ ላይ በሬ አይጣልማ! በአቃቂ ቃሊቲው ገላን ኮንዶሚኒየምም የበዓል ሥጋ ታሪክ የሚጀምረው ከኩሽናው ሳይሆን ከዚህ ከጋራው ቦታ ነው።

ቅርጫ ከከተማዋ በዕድሜ ይበልጣል። ጎረቤት አዋጥቶ አንድ በሬ ይገዛል፤ ሥጋው ሲከፋፈል ግን ሚዛን አይታይም። ከሻኛው፣ ከሽንጡ፣ ከጎድኑ፣ ከጉበቱ ቁራጭ ቁራጭ እየተነሣ በየመደቡ ይከመራል። «ይኼኛው ከበደ፣ ከዚያ አንሣ» እየተባለ ትንሿ ቁራጭ ሳትቀር ከመደብ መደብ ትዛወራለች። በመጨረሻ ባለድርሻው ሁሉ ጠጠር ወይም ቅጠል ይሰጥና ክፍፍሉን ያላየ ልጅ በየመደቡ ላይ ያኖራል። በዚህ ሥርዓት ማንም ጭቅና ብቻ ይዞ ቤቱ አይገባም። ለጥሬ የሚሆነው የዚያኑ ዕለት ያልቃል፤ ፍሪምባው፣ ወርቹና ጅማታሙ ሁሉ ለድስት ይቀራል።

ይህ ደግሞ የችኮላ እሳት አይወድም። ዓመታት ያረሰ በሬ ትከሻውና ደረቱ ሲሠራ የኖረ ጡንቻ ስለሆነ ኮላጅን በሚባል ጠንካራ ነገር ተሸምኗል። ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ለሰዓታት ሲቆይ ኮላጅኑ ወደ ጄላቲን ይለወጣል። ባለሙያ እናቶች ግን ያለ ቴርሞሜትርም ያውቁታል፦ ድስቱ ይንተክተክ እንጂ አይንፈቅፈቅ።

ለሰዓታት መንተክተክ ማገዶ ይፈልጋል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ማገዶ እየቸገራት ነው ያደገችው። የአካባቢው ጥድ ተመንጥሮ ሲያልቅ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

ከማገዶው ቀጥሎ የመጣው ኤሌክትሪክ ደግሞ የአቃቂ ጉዳይ ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተገደበው አባ ሳሙኤል ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ሲሆን፣ ሥራው በ1924 ዓ.ም. ተጀምሮ በጣሊያን ወረራ ዘመን አለቀ። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነበር። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚስብ፣ ግድቡ በሙሉ ኃይሉ ሁለት ሺህ ምጣድ ባንድ ጊዜ ማጋል አይችልም፤ ለዛሬው የበዓል ዋዜማ ከቁጥር አይገባም። በ1952 ዓ.ም. ቆቃ በ43 ሜጋ ዋት ተከተለው። አባ ሳሙኤል ራሱ ለረጅም ዓመታት ቆሞ ኖሮ በ2009 ዓ.ም. ታድሷል።

ለሰዓታት በዝግታ ለማብሰል ብቻ የተበጀው የኤሌክትሪክ ድስት፣ ስሎው ኩከር፣ የተወለደው አሜሪካ ነው። ኢርቪንግ ናክሰን እ.ኤ.አ. በ1940 የፈጠራ መብቱን ያገኘበት ዕቃ መነሻው እናቱ ያጫወተችው የሊትዌኒያ አይሁድ ወግ ነበር፦ በሰንበት እሳት ስለማይነካ የሥጋና የባቄላው ድስት ዓርብ ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ ገብቶ ያድራል። የፋሲካን ዋዜማ ለሚያውቅ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ሌሊት ከቅዳሴ መልስ የሚገደፍበት ወጥም ቀድሞ ነው የሚሠራው።

ከቅርጫው የቀረው ፍሪምባ የባርቤኪው ሳንድዊች ሊሆን ይችላል፤ ከግብዓቶቹ ከፊሎቹ ጣሊያን ያስለመዳቸው ናቸው፦ ሳልሳው፣ አቼቶው፣ ፉርኖ ዳቦው። ፍሪምባው በትልልቁ ይቆረጥና በደንብ በበሰለ ቀይ ሽንኩርት ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ሳልሳ፣ አዋዜ፣ ጥቂት ማርና አቼቶ ተጨምሮበት፣ ክዳኑ ገጥሞ፣ ምድጃው ዝቅተኛው ቁጥር ላይ ይተዋል። ስሎው ኩከር የግድ አይደለም፤ ወፍራም ብረት ድስት ይበቃል። ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ሥጋው በሹካ ሲነካ ይተረተራል። ያኔ ከነመረቁ ተደባልቆ፣ መሐሉ በተጠበሰ ፉርኖ ውስጥ ገብቶ ለቤተሰቡ እራት ይቀርባል። መብራት መሐል ላይ ከጠፋ ድስቱ ወደ በረንዳ ወጥቶ የከሰል ምድጃ ላይ ይጣዳል፤ ከሰሉ በአመድ ሸፈን ካለ ሙቀቱ እንዲያውም ይስማማዋል።